ከአህያ ቆዳ የሚቀመመው የቻይና መድኃኒት

ለትምህርት ወደ ቻይና ሄዶ ሁለት ዓመት የቈየ አንድ ባልንጀራዬ በግንቦት ወር መጨረሻ ተመለሰና ከሻንጣው ውስጥ ቀይ ሣጥን አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። ሣጥኑ ሲከፈት ወርቃማ ወረቀት የለበሱ፣ ርዝመታቸው ከአንድ ጣት እምብዛም የማይበልጥ ጥቋቁር ጡቦች ተደርድረውበታል። አንዱን ገልጬ ወደ መስኮቱ ብርሃን ባነሣው ጠርዙ እንደ ቈየ ማር ብርሃን ያሳልፋል። አሸተትኩት፤ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ነካ ባደርገውም እንደ ብርጭቆ ቀጭ አለ።

«ለእኅቴ ነበር ያመጣሁት» አለኝ ባልንጀራዬ። እኅቱ ከወለደች ሦስት ወር ሆኗት ነበር። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ስለ ፈሰሳት ፊቷ ገርጥቶ፣ ጥቂት ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት፣ ሕፃኑን አቅፋ መቆም እንኳ ያታክታት ነበር። ይህን የሰሙ ቻይናውያን ጎረቤቶቹ «አራስን ከዚህ የበለጠ የሚያነሣ የለም» ብለው መከሩት፤ እሱም ከተማሪ ኪሱ የማይገኝ ገንዘብ አውጥቶ ገዛ። ችግሩ የመጣው እዚህ ከደረሰ በኋላ ነው። የእኅቱ አማት ሣጥኑን አገላብጠው አዩና «ለመሆኑ ከምን የተሠራ ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁት። ባልንጀራዬ መዋሸት አያውቅበትምና «ከአህያ ቆዳ ነው እማማ» አላቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢዎቼ ያለ እኔ ርዳታ ሊገምቱት ይችላሉ። መድኃኒቱ በዚያው ዕለት ከቤት ተባሮ ወደ እኔ ክፍል ተሰደደ።

«አንተ አስተማሪ ነህ» አለኝ፤ «እስቲ መጻሕፍት አገላብጥና ንገረኝ። ይህ ነገር መድኃኒት ነው ወይስ አይደለም?»

ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ነበር። ይሁን እንጂ አንዱን ጥቁር ጡብ ተከትዬ ስሄድ ሁለት ሺህ ዓመት ወደ ኋላ፣ ከዚያም ዞሬ ወደ ገዛ አገሬ ወደ ቢሾፍቱ ደረስኩ። ያገኘሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ። (የቻይናውንና የሌሎቹን አገሮች ዘመን እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር፣ የእኛን ደግሞ እንደ እኛ አቈጣጠር ጽፌዋለሁ።)

የመድኃኒቱ ስም ኤጂያዎ ይባላል። «ጂያዎ» በቻይንኛ ሙጫ ማለት ሲሆን «ኤ» ደግሞ የቦታ ስም ነው። ይኸውም በምሥራቅ ቻይና በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር የምትገኘው የዶንግ-ኤ አገር ነች። እንግዲህ ስሙ ሲተረጐም «የኤ ሙጫ» ማለት ነው። በስሙ ውስጥ የአህያ ነገር ፈጽሞ እንደሌለበት ልብ ይሏል፤ ለዚህም ምክንያት አለው።

የዶንግ-ኤ ሰዎች ለመድኃኒታቸው መልካምነት በመጀመሪያ የሚያመሰግኑት እንስሳውን ሳይሆን ውኃቸውን ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረው የወንዞች ታሪክ ጸሐፊ ሊ ዳዎዩዋን በከተማይቱ አፉ እንደ ሠረገላ መንኰራኵር የሰፋ ጥልቅ ጕድጓድ እንዳለና በውኃው በየዓመቱ ሙጫ እየተፈላ ለቤተ መንግሥት በግብር እንደሚላክ ጽፏል። በ11ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሊቅ ሼን ኩዎ ደግሞ ይህን ውኃ በደፈረሰ ውኃ ላይ ጨምረው ቢያማስሉት ድፍርሱ እንደሚጠራ ይናገራል። እንደ ሐሳቡም ውኃው ከባድና ወደ ታች የሚወርድ በመሆኑ በእሱ የተፈላው ሙጫ በሰው ደረት ያለውን አክታ ያወርዳል። ይህ ዛሬ በትምህርት ቤት የምናስተምረው ዓይነት ሳይንስ አይደለም፤ ነገር ግን አይቶ፣ አመሳስሎና ምክንያት ሰጥቶ የተጻፈ ነውና የሚናቅ አይደለም።

አሁን ወደ ቆዳው እንምጣ። የቻይና መድኃኒቶች መዝገብ ሁሉ አባት የሚባለው «ሸን ኖንግ ቤን ሳዎ ጂንግ» ከተጻፈ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ይጠጋዋል። ኤጂያዎን መርዝ የሌላቸውና ለረጅም ጊዜ ቢወስዷቸው የማይጐዱ ናቸው ከሚላቸው ከላይኛው ማዕረግ መድኃኒቶች መካከል አስገብቶታል። የሚያስደንቀው ግን በዚያ ጊዜ ሙጫው የሚፈላው በብዛት ከበሬ ቆዳ መሆኑ ነው። አህያ የመጣው በኋላ ነው። በታንግ ነገሥታት ዘመን ሐኪሞቹ የአህያው ቆዳ ይሻላል ማለት ጀመሩ፤ ከዚያም ቀስ በቀስ የበሬው ተረሳ። ለዚህ ለውጥ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ጦርነት ነው። የበሬ ቆዳ ለጥሩርና ለጋሻ ስለሚፈለግ መንግሥት በብርቱ ይቈጣጠረው ነበርና ሙጫ አፍዪው ወደ አህያ ዞረ ይላሉ። ሐኪሞቹ ደግሞ የራሳቸውን ምክንያት ጨመሩበት። ጥቁር ቀለም የውኃ ባሕርይ ነው፤ ውኃም ትኵሳትንና ከትኵሳት የሚነሣውን ነፋስ ይገታል፤ ስለዚህ የጥቁር አህያ ቆዳ ከሁሉ ይበልጣል አሉ። በሻንዶንግ የሚረባው ዴጆ የሚባለው ትልቅ ጥቁር አህያ እስከ ዛሬ ዝነኛ የሆነው ከዚህም የተነሣ ነው።

ነገሩን ሁሉ አጥርቶ የተወልን ሊ ሺጄን የተባለው ሐኪም ነው። ይህ ሰው 27 ዓመት ደክሞ ያዘጋጀው «ቤን ሳዎ ጋንግ ሙ» የተባለው ታላቅ የመድኃኒት መጽሐፍ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1596 ታትሞ ወጣ። ሊ ሺጄን የጥንቶቹ ሐኪሞች በአብዛኛው የተጠቀሙበት የበሬ ቆዳ እንደ ነበረና የአህያው ክብር የኋላ ሰዎች ነገር እንደ ሆነ በግልጽ ያስታውቃል። ከዚያም ሻጮችን ያጋልጣል። በእርሱ ዘመን አጭበርባሪዎች የፈረስ ቆዳ፣ ያረጀ ኮርቻና አሮጌ ጫማ ሳይቀር እያፈሉ ኤጂያዎ ነው ብለው ይሸጡ ነበር። እውነተኛው እንደ ዕንቍ ብጫ ሆኖ ብርሃን የሚያሳልፍ ወይም እንደ ተቀባ ዕቃ ጠቍሮ የሚያብለጨልጭ፣ የቆዳ ሽታ የሌለው፣ በበጋ ሙቀትም የማይለሰልስ ነው ይላል። ይህን ሳነብ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ጡብ እንደ ገና አንሥቼ አሸተትኩት።

አሠራሩ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቆዳው ለብዙ ቀን በውኃ ተዘፍዝፎ ጠጕሩ ይፋቃል፤ ተቈራርጦ ይታጠብና ቀንና ሌሊት ይፈላል። ውኃው ሲወፍር እየተጠለለ ወደ ሌላ ድስት ይገለበጣል፤ እንደ ገና ይፈላና ሰፈፉ ይገፈፋል። በመጨረሻ ከሩዝ የተጠመቀ ብጫ ጠጅ፣ ስኳርና ጥቂት የአኵሪ አተር ዘይት ተጨምሮበት በገበታ ላይ ይፈሳል፤ ሲረጋ በቢላዋ ተቈርጦ በነፋስ እየተገላበጠ ይደርቃል። በሽተኛው አብስሎ አይበላውም። በሞቀ ውኃ ወይም በጠጅ አሟሙቶ ይጠጣዋል እንጂ። የቻይና መንግሥት የመድኃኒት መዝገብ የሚፈቅደው ልክ በቀን ከ3 እስከ 9 ግራም ነው። ሐኪሙ ለሳል ሲያዝዘው ከባሕር ዛጎል ዱቄት ጋር፣ ደም ለማቆም ሲያዝዘው ደግሞ ከውኃ ዳር ደንገል አበባ ብናኝ ጋር በምጣድ ይቈላዋል፤ ያን ጊዜ ጥቁሩ ሙጫ እንደ ፈንዲሻ ተነፍቶ ክብ ክብ ይሆናል።

የሚያዝዙትስ ለምን ለምን ነው? ዋና ዋናው ደም ለመተካት፣ የሚፈስ ደም ለማቆምና የደረቀ ሳንባ ለማራስ ነው። ይሁን እንጂ የቻይና ሐኪም «ደም» ሲል እኛ በባዮሎጂ ክፍል በማጕያ መነጽር የምናሳየውን ቀይ ፈሳሽ ብቻ ማለቱ አይደለም። በእነርሱ ትምህርት ደም የመንፈስ ማረፊያ ነው። ደም ሲጐድል መንፈስ ማረፊያ ያጣል፤ ሰውየው ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ይለዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ዐይኑ ይጭለመለማል፣ ቆዳው ይደርቃል። ስለዚህ አንዱ ሙጫ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ በሚመስሉ በሽታዎች ላይ ሲታዘዝ ብናይ በእነርሱ ዘንድ አንድ ሥር ያላቸው መሆናቸውን ማወቅ ይገባናል።

በሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የነበረው ዝነኛው ሐኪም ጃንግ ጆንግጂንግ የተዋቸው ቅመሞች ለዚህ ምስክር ናቸው። አንደኛው ኤጂያዎን ከመራራ ሥሮችና ከእንቁላል አስኳል ጋር ቀላቅሎ፣ በትኵሳት በሽታ ደክሞ ልቡ እየተቃጠለ እንቅልፍ ላጣ ሰው ያዝዛል። ሁለተኛው ከእኛ ጭቁኝ ወገን ከሆነ ቅጠል ጋር አድርጎ ደም ለሚፈሳት ሴት፣ ይልቁንም ጽንሷ ሊጨነግፍ ለሚያሰጋት ነፍሰ ጡር የሚሰጥ ነው። ሦስተኛው የልብ ትርታ ሲዘባረቅ የሚጠጣ ነው። ከእርሱ ብዙ ዘመን በኋላ የተነሣው የሕፃናት ሐኪም ቺየን ዪ ደግሞ ለሚያስላቸው ሕፃናት ኤጂያዎ ያለበትን መድኃኒት ቀምሟል። ሐኪሞቹ በጭፍን የሚያድሉትም አልነበረም። ሙጫው ለሆድ ከባድ ነውና ምግብ ለማይፈጭለትና ተቅማጥ ለያዘው ሰው እንዳይሰጥ ያስጠነቅቁ ነበር። ዛሬ በየሱቁ ከሰሊጥ፣ ከገውዝና ከስኳር ጋር ተጋግሮ እንደ ከረሜላ የሚሸጠው ኤጂያዎ ይህን ማስጠንቀቂያ ብዙም አያስታውሰውም። በምትኩ ያንግ ጕይፌይ የተባለችው የንጉሥ ወዳጅ ውበቷን ያገኘችው ከዚህ ነው የሚል ተረት ይነገርለታል።

እንግዲህ የባልንጀራዬን ጥያቄ ለመመለስ ሙጫውን በዛሬው ኬሚስትሪ ዐይን ማየት ግድ ነው። ቆዳ የተሠራው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ነው፤ ኮላጅን ብዙ ሲፈላ ጄላቲን ይሆናል። ኤጂያዎም በአብዛኛው ጄላቲንና ከጄላቲን የተሰባበሩ ትንንሽ ቍርጥራጮች ነው። የቅልጥም መረቅ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ነገር የቅርብ ዘመዱ ነው ማለት ነው። ጄላቲን ለሰውነት ግንባታ ከሚያስፈልጉት አሚኖ አሲዶች አንዱ የሆነው ትሪፕቶፋን ፈጽሞ የለበትም፤ ስለዚህ እንደ ምግብ ቢቈጠር ከእንቁላልና ከምስር በታች ነው። ግላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ግን ሞልቶበታል። ሰውነታችን የደምን ቀይ ቀለም ሲሠራ ግላይሲንን እንደ ግብዓት ይጠቀማልና ለኤጂያዎ ጠበቃ የሚቆም ሰው ይህን ያነሣ ይሆናል። ነገር ግን ግላይሲንን ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። ከወሊድ በኋላ በደም ማነስ የገረጣች ሴት አብዛኛውን ጊዜ የጐደላት ብረት ነው፤ በጥቁሩ ጡብ ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

በቻይና ሐኪም ቤቶች ጥናት አልተደረገም ማለቴ አይደለም። ታላሴሚያ የሚባል የደም በሽታ ባለባቸው ነፍሰ ጡሮች ላይ ተሞክሮ የደም መጠን ከፍ እንዳለ የዘገበ ጥናት አለ፤ በእንስሳት ላይ የተደረጉም ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ በሰው ላይ የተደረጉት በአብዛኛው በጥቂት በሽተኞች የተወሰኑ ናቸው፤ ከእነርሱ ተነሥቶ ለሺዎች ማዘዝ አይቻልም። በየካቲት 2018 የቻይና የጤና ባለሥልጣን ለሕዝብ ምክር የሚሰጥበት አገልግሎት «ኤጂያዎ እኮ የተቀቀለ የአህያ ቆዳ ነው፤ ገንዘብ ሊወጣበት አይገባም» የሚል ትርጕም ያለው ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ጫጫታው በረታና ከጥቂት ቀን በኋላ ያው አገልግሎት ይቅርታ ጠየቀ። የአባቶችን መድኃኒት በአንድ ዐረፍተ ነገር ማፍረስ በየትም አገር ቀላል አይደለም።

እስካሁን የተናገርኩት ነገር ሁሉ በቻይናውያን ቤት ውስጥ የሚቀር ጕዳይ ቢሆን ኖሮ በዚሁ አቆም ነበር። ነገር ግን ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የሆነው ሌላ ነው። ቻይና ስትበለጽግ፣ ቀድሞ ለሀብታምና ለበሽተኛ ብቻ ይገዛ የነበረው ሙጫ የመካከለኛው ሕዝብ ስጦታና የሴቶች ማስዋቢያ ሆነ። በ2011 የታየ ስለ ንጉሥ እልፍኝ እመቤቶች የሚተርክ ዝነኛ የቴሌቪዥን ድራማም ገበያውን ይበልጥ አሟሟቀው። በአንጻሩ ትራክተርና የጭነት መኪና በገበሬው ዘንድ የአህያን ቦታ ወሰዱ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ 11 ሚሊዮን ያህል የነበረው የቻይና አህያ ዛሬ ከ2 ሚሊዮን በታች ወርዷል። ፈላጊው በዛ፤ እንስሳው አነሰ።

«ታዲያ ለምን አያረቡትም?» ለሚል አንባቢ መልሱ በአህያዋ ማሕፀን ውስጥ ነው። አህያ ዓመት ያህል አርግዛ አንድ ውርንጭላ ብቻ ትወልዳለች፤ ውርንጭላውም እስኪያድግ ዓመታት ይፈጃል። እንደ አሳማ በአንድ ጊዜ አሥር አትጥልም። ስለዚህ ነጋዴዎቹ ዐይናቸውን ወደ ሌላው ዓለም፣ ከሁሉ ይበልጥ ወደ አፍሪካ ጣሉ። ለአህዮች ደኅንነት የሚሠራው የእንግሊዙ ዶንኪ ሳንክቸዋሪ የተባለ ድርጅት በ2024 ባወጣው ግምት ለዚህ ሙጫ በየዓመቱ 5.9 ሚሊዮን ያህል አህዮች ይታረዳሉ።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ጎረቤታችን ኬንያ አይታዋለች። ከ2016 ጀምሮ የአህያ ቄራዎች ተፈቅደው ሲከፈቱ ዋጋው ናረ፤ ዋጋው ሲንር ሌባ በዛ። ውኃ በመቅዳት የሚተዳደሩ ሴቶች ማታ ያሰሯትን አህያ ጧት ተገፍፋ ዱር ውስጥ ያገኟት ጀመር። መንግሥት በ2020 እርዱን ከለከለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ፍርድ ቤት ክልከላውን ሻረው። ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ግን ቀደም ብለው በ2016 የአህያ ንግድን ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከልክለው ነበር።

በእኛም አገር በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በቻይናውያን ገንዘብ የተሠራ የአህያ ቄራ ሥራ ጀመረ። ከተማው ጮኸ። ክርስቲያኑም እስላሙም አህያ የማይበላበት አገር ነውና ነገሩ ለብዙ ሰው ነውር ሆኖ ታየው፤ ቄራውም ጥቂት ሳምንት ብቻ ሠርቶ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በከተማው አስተዳደር ትእዛዝ ተዘጋ። እኔ በበኩሌ የነውሩ ነገር ብዙም አላስጨነቀኝም፤ ሌላው ሕዝብ የሚበላውን መጸየፍ ክርክር አይሆንም። የሚያስጨንቀኝ ሂሳቡ ነው። አገራችን በአህያ ብዛት ከዓለም አንደኛ ነች፤ ቍጥሩ ወደ 9 ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ይገመታል። ይህ ሁሉ አህያ ባለቤት አለው። እህሉን ወደ ወፍጮ፣ ጤፉን ወደ ገበያ፣ እንጨቱንና ውኃውን ወደ ቤት የሚያደርሰው እርሱ ነው፤ አህያዋን ያጣች እናት ሸክሙ በጀርባዋ፣ ካልቻለች ደግሞ በልጇ ጀርባ ላይ ይወድቃል። ከክፍሌ ተማሪዎች መካከል ሁልጊዜ ሰኞና ቅዳሜ ገበያ እየተባለ የሚቀሩትን ስጠራ ይህን ዐውቀዋለሁ።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳው ሲባል ማረድ ለ15 ዓመት እንዲታገድ ተስማሙ። ውሳኔው መልካም ነው፤ ነገር ግን በየአገሩ ሕግ ሆኖ ካልወጣና ጠባቂ ካልቆመለት ቆዳው ሌሊት ድንበር ይሻገራል።

እዚህ ላይ ሊ ሺጄንን እንደ ገና ማንሣት እወዳለሁ። የጥንቶቹ ታላላቅ ቅመሞች በተጻፉበት ዘመን ሙጫው በአብዛኛው የበሬ ነበረ ካለን፣ ጃንግ ጆንግጂንግ እንቅልፍ ያጣውን በሽተኛ ያዳነው ምናልባት በበሬ ሙጫ ነው ማለት ነው። ራሱ ሊ ሺጄንም እውነተኛው ኤጂያዎ ሲታጣ በደንብ የተሠራ የበሬ ቆዳ ሙጫ ሊተካው እንደሚችል ጽፏል። በሬ በየቄራው ለሥጋው ይታረዳል፤ ቆዳውም አይጠፋም። እንግዲህ የቻይናን ሕክምና ማክበርና የአፍሪካን አህያ ማዳን የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም፤ ማስታረቂያው በገዛ መጽሐፋቸው ውስጥ አለ። የሚጣላው ነገር ቢኖር በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ ነው።

ለባልንጀራዬ የሰጠሁት መልስ ከዚህ በጣም ያጠረ ነበር። እኅቱን ወደ ጤና ጣቢያ ወስደህ ደሟን አስመርምር አልኩት። ወሰዳት፤ ደሟ ማነሱ ታወቀና የብረት ኪኒን ታዘዘላት። አማቷም በበኩላቸው ጧት ጧት አጥሚት ከማጠጣት አላረፉም። ከሁለት ወር በኋላ ቤታቸው ቡና ስጠራ ሕፃኑን ታቅፋ በሩን የከፈተችልኝ እርሷ ራሷ ነበረች።

ሣጥኑ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። በክረምቱ ዝናብ ወራት የሊ ሺጄንን ቃል ለመፈተን አንዱን ጡብ ከወረቀቱ አውጥቼ የመጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ አኑሬው ነበር፤ መጻሕፍቴ ሲሻግቱ እርሱ አልለሰለሰም።